ከሕንጻው ጀርባ የወረደው ጭስ

ቤታችን እሪ በከንቱ ሰፈር ነው፤ የምንኖረው እናቴና እኔ ነን። ከአጥራችን ወዲያ ዳቦ ቤት አለ። ባለቤቱን ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያንም አንድ ነው። ምድጃቸው በናፍጣ ይሠራል። ጭስ ማውጫው ከጣሪያቸው ትንሽ ብቅ ያለ ቧንቧ ቢሆንም፣ ድሮ ጭሱ በላያችን አልፎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይሄድ ነበር። በኋላ ከዳቦ ቤቱ በላይ በኩል፣ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከሥሩ ወርቅ ቤቶች ከላዩ ቢሮዎች ያሉት ረጅም ሕንጻ ተሠራ። እሱ ካለቀ ወዲህ ጭሱ ወደ ግቢያችን መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን ያስለን ነበር። እየቆየ ግን አፍንጫችን ለመደው፤ እንዳለም ረሳነው።

የጋሼ ሴት ልጅ ልታገባ ሆነ። የሚዘምርላት እኔ ያለሁበት የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ነው፤ ነጫጭ ጋውኖቹን የማጠብ ተራው ደግሞ የእኔ ነበር። የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት አጥቤ ግቢ ውስጥ አሰጣሁና ሥራ ገባሁ። ለድግሱ ሲባል የጋሼ ምድጃ ቀኑን ሙሉ ሲነድ ውሏል። እኔ ስመለስ ጨላልሟል፤ በሰፈሩም መብራት ጠፍቷል።

«እማዬ፣ ደርቀዋል?»

«ደርቀዋል፤ ቶሎ አንሺያቸው።»

በዳበሳ አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኳቸው። መተኮስ አልቻልኩም፤ አላየኋቸውምም።

በማግስቱ ከሠርጉ አዳራሽ ጀርባ ባለችው ክፍል ሻንጣውን ስከፍት ሁሉም ጋውናቸውን ሊወስዱ ከበቡኝ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ጋውኗን አነሳችና «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ነጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። በጣቷ ጠረግ ስታደርገው ተዘርግቶ ረጅም መስመር ሆነ። ጥላሸት ነበር፤ የናፍጣ ቅባት ያለው ጥላሸት። ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ እኔም ሌሎቹ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ አይቼ ነው ሽታ መሆኑ የገባኝ። ቤታችን፣ ልብሴ፣ ፀጉሬ ሁሉ እንደዚህ ሲሸት ኖሯል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ አጠገቤ ሲቆሙ ችለውኝ ነው የኖሩት።

አንዱ ዘማሪ «ዛሬ ኳየሩ ትኩስ ከምድጃ የወጣ ነው» አለ። ሳቁ። ሊያቀሉልኝ ብለው እንደሳቁ አውቃለሁ፤ ጆሮዬ ድረስ ግን ነደድኩ። መሪያችን ሰዓቷን አየችና «ልበሱ፤ ሙሽሮቹ ደርሰዋል» አለች።

ለበስን። ስንዘምር ዓይኔ ጋሼ ላይ ነው። አዲስ ሱፍ ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በመካከል ሽታው ከራሳቸው የመጣ መስሏቸው አፍንጫቸውን ወደ እጅጌያቸው አስጠጉ። ከዚያ ቀና ብለው የኛን ደረት አንድ በአንድ አዩ፤ አንገታቸውንም ደፉ።

ሲያበቃ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ የት ነው ያሰጣሽው?»

«አይ ጋሼ፣ ሳሙናው ነው እንዲህ ያደረገው።»

«ግቢሽ ውስጥ ነው?»

ጋውኔን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«የራሴን ምድጃ ሽታ አላውቀውም ብለሽ ነው?» አሉኝ። «ለልጄ ሠርግ!»

ከሳምንት በኋላ ጋሼ ከኳየራችን አንዱን መሐንዲስ ይዘው ግቢያችን መጡ። መሐንዲሱ ምድጃው እንዲለኮስ አደረገና ቆመን ተመለከትን። ጭሱ ከቧንቧው እንደወጣ ወደ እኛ አልመጣም፤ ወደ ሕንጻው ተሳበ፣ ግድግዳውን ጥቂት ወጣ፣ ተጠምዝዞ ተመለሰና አናታችን ላይ ወረደ።

«ነፋሱ ሕንጻውን ዘሎ ሲያልፍ ከጀርባው ይሽከረከራል» አለ። «ቧንቧዎ ያለው እሽክርክሪቱ ውስጥ ነው፤ ጭሱ መውጫ የለውም።»

«አንድ ሁለት ሜትር ባስረዝመውስ?»

«ከሕንጻው ጣሪያ በደንብ ካልበለጠ ለውጥ የለውም፣ ጋሼ።»

የሕንጻውን ባለቤት ለመለመን ሄድን። እንደምንባረር ነበር የጠበቅሁት። ሰውዬው ግን የኋላ መስኮት ያላቸው ተከራዮች በጭሱ ምክንያት ሲያማርሩበት ስለከረሙ፣ ቧንቧው በጀርባው ግድግዳ ሽቅብ እንዲወጣ ፈቀደ። ከተሠራ ወዲህ ጭሱ ከጣሪያው በላይ ይወጣና ይበተናል። ግቢያችን ጠራ። እናቴ መጋረጃዎቹን ሁሉ አውርዳ አጠበች፤ ውኃው እየጠቆረ ሲወርድ እያየች «እኛ እዚህ ውስጥ ነበር የምንተኛው?» አለች።

መሪያችን ጋውኖቹ ከእንግዲህ ላውንደሪ እንዲሰጡ ወሰነች። ምክንያቱን አልተናገረችም፤ ማንም አልጠየቀም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሮ ስገባ አሁንም ከሥራ ባልደረቦቼ ራቅ ብዬ ነው የምቀመጠው።

በቅርቡ ጋሼ የሠርጉን አልበም ይዘው ቤታችን መጡ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ከዳር እስከ ዳር ገለጠችው።

«ኳየሩ የታለ? ልጄን ላያት ብዬ ነበር።»

«የኳየሩ ፎቶ አልወጣም፣ እትዬ» አሉ ጋሼ።

ፎቶ አንሺው ከፊታችን ቆሞ ደጋግሞ ሲያነሳን በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሼ ወደ እኔ አላዩም፤ እኔም ወደ እሳቸው አላየሁም። «ሻይ ላምጣ» ብዬ ተነሳሁ።