ሰባት መቶ ሠላሳ አረንጓዴ ሊንኮች

አሥራ አንደኛውን ሊንክ ስትጫነው መከፈት የነበረበት ስለ ወባ የተጻፈ ጥናት ነው። የተከፈተው ግን ስለ ድልድይ ብረት ዝገት የሚያትት ሆነ። መልሳ ተጫነችው። ያው ዝገት ነው።

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ይላል። ዘጠኝ ላይ የቤተ መጻሕፍት ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር የላካቸው ሁለት ገምጋሚዎች ይመጣሉ። የሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ እዚህ ይሁን ወይስ ሌላ ከተማ፣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እሷ ጉባኤውን የማስተናገድ ጥያቄ ስታቀርብ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ሁለቴ «በቂ ዝግጅት የለም» ተብላ ተመልሳለች።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሽክርክሪት ይሏታል። አሥራ አራት ዓመት በዚህ የምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ስትሠራ ሻይዋን ተቀምጣ ስትጠጣ ያየ የለም። እህቷ ቤት ምሳ ስትበላ እንኳ ትነሳና መስኮት ትከፍታለች፤ ደግሞ ትዘጋለች። «ወንበሩ እሾህ አብቅሏል እንዴ?» ትላታለች እህቷ።

የዘንድሮው ዝግጅቷ የተቋሙ የድሮ መጽሔቶች ናቸው። ለእያንዳንዱ ጥናት የማይለወጥ መለያ ቁጥር ሰጠች። ጥናቱን የጠቀሰ ሰው ቁጥሩን ማጣቀሻው ላይ ያስቀምጣል፤ አንባቢ ቁጥሩን ሲጫን ጥናቱ ይከፈትለታል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ባለፈው ወር አንድ በአንድ በእጇ አስመዘገበች። የቀሩትን ሰባት መቶ ሃያ ማክሰኞ ዕለት በአንድ ሰንጠረዥ፣ ማንም ሊያየው ወደሚችለው የቁጥሮቹ መዝገብ ላከች። ትናንት የፍተሻ ፕሮግራሙ ሰባት መቶ ሠላሳውንም አረንጓዴ አደረገላት። ፕሮግራሙ የሚያየው ሊንኩ መከፈቱን ነው። ምን እንደተከፈተ አይጠይቅም።

ሌላ አምስት ሞከረች። አምስቱም ተከፈቱ፤ አምስቱም ሌላ ጥናት ናቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ።»

ከጎኗ የሚሠሩት ሽማግሌ ካታሎግ ሠራተኛ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ጎረቤት ቤት ነው የገባሽው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው።»

«ሰንጠረዡን ደርድረሽዋል?»

እጇ ቆመ። ርዕሶቹን በፊደል ተራ ደርድራለች፤ የርዕሱን ዓምድ ብቻ መርጣ። ቁጥሩና የድረ ገጹ አድራሻ በነበሩበት ቀርተዋል፤ እያንዳንዱ ርዕስ የሌላ ጥናት ቁጥር ደርሶታል።

«እኛ የመጻሕፍቱን ካርድ መሳቢያ ስንደፋው ቢያንስ ድምፁ ይሰማ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

የተቋሙ ዳይሬክተር ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ነገረችው። በሩን ዘጋ።

«ደህናዎቹ ስንት ናቸው?»

«አሥር።»

«አሥሩን አሳዪያቸው። ከመንገድ የመጣ ሰው አሥራ አንደኛ አይጠይቅም።»

«ማስተካከያውንስ?»

«ውሳኔው ሲመጣ እንልካለን። አሁን ከላክን መዝገቡ ላይ ይታያል።»

«ውሳኔው እኮ ከወር በኋላ ነው። እስከዚያ የወባ ጥናት የፈለገ ሐኪም ዝገት ላይ ሊወድቅብኝ ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ሦስት ዓመት የለመንሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አይደለሁም።»

ደረጃውን ሦስት ጊዜ ወጥታ ወረደች። ገምጋሚዎቹ በሰዓታቸው መጡ፤ አንዲት ቁጥብ ሴትዮና አንድ ቀልደኛ ወጣት። አሥሩን በየተራ ከፈተችላቸው። ወጣቱ ማስታወሻውን ዘጋ። «ይበቃናል እህቴ፤ ዓይኔም ደከመ።» ዳይሬክተሩ ወደ በሩ አመለከታቸው።

«አንድ ይቀረኛል» አለችና አሥራ አንደኛውን ተጫነች። ዝገቱ ተከፈተ። ሰንጠረዡን እንዴት እንዳበላሸችው በአራት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። ዳይሬክተሩ ግድግዳውን ያይ ነበር።

«ባታሳዪን ሳናውቅ እናልፍ ነበር» አለች ሴትዮዋ።

«አውቃለሁ። ግን ነገ ማስተካከያውን እልካለሁ፤ እዚያው መዝገብ ላይ ታዩት ነበር።»

ሴትዮዋ የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላሳየችም።

ማስተካከያው በማግሥቱ ከቀትር በፊት ተላከ። ጉባኤው የተካሄደው ሌላ ከተማ ነው።