ለአካኮ ያመጣሁት አፈር

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። እናቴም አታውቅም። መስጊድ ውስጥ ግንባሬን ምንጣፍ ላይ ደፍቼ እንኳ ዙሪያውን ስዞር ኖርኩ እንጂ፣ ነገሩን እንዳለ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ፊቴን ስለማታዩት ነው። ፈሪ ነኝ፤ እሱን ከወዲሁ እወቁልኝ።

አያቴን ዋሸኋቸው። ሊሞቱ ሲሉ ዋሸኋቸው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የሚገድለኝ ግን ዝርዝሩ ነው።

እኛ ቤት አያት በኦሮምኛ አካኮ ነው የሚባሉት። ጎባ፣ ከገበያው በላይ ባለችው ቤታቸው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የድሮ ወታደር ነበሩ፤ በምሥራቅ ግንባር ተዋግተው ግራ እግራቸውን እየጎተቱ የተመለሱ። ሰፈሩ ይወዳቸው ነበር። ባልና ሚስት ተጣልተው ሲመጡ መጀመሪያ ያስቋቸዋል፣ ከዚያ ነው የሚያስታርቋቸው። አንድ አመል ግን ነበራቸው፤ ውሃ ሲጠጡ ብርጭቆውን አይጨርሱም። ሁልጊዜ አንድ ጉንጭ ያስቀራሉ። ልጅ ሳለሁ ያቺን አንድ ጉንጭ ግጥም አድርጌ ጠጣሁባቸው። በጥፊ መቱኝ። በሕይወታቸው የመቱኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ወዲያው ደግሞ አቅፈውኝ አለቀሱ።

ለምን እንደሆነ ያወቅኩት፣ ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷቸው ካለን በኋላ፣ አጠገባቸው አስቀምጠው ሲነግሩኝ ነው። ከድር የሚባል የጎሮ ልጅ ጓደኛቸው ነበር። አብረው ዘመቱ። ከድር ሆዱን ተመትቶ አንድ ግራር ሥር ወደቀ፤ ውሃ ውሃ አለ። የአካኮ ኮዳ ባዶ ነበር። “ይዤልህ እመለሳለሁ” ብለውት ሄዱ። ውሃውንም አገኙ። ኮዳቸውን ሞልተው ቀና ሲሉ ግን ጦሩ ሁሉ ወደ ኋላ ሲሮጥ አዩ፤ አብረው ሮጡ። አልተመለሱም። ለከድር እህት ለአዴ ሃሊማ “በአንድ ጥይት ነው የሞተው፣ አልተሰቃየም” አሏቸው።

“በየዓመቱ ወደ ወልዩ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዚያራ ሄጃለሁ” አሉኝ። “መቃብሩ በር ላይ ቆሜ የከድርን ስም ልጠራ፣ አፉ በለኝ ልለው እፈልጋለሁ። አፌ እምቢ ይለኛል። አሁን ደግሞ እግሬም እምቢ አለ። ጀማል ልጄ፣ አንተ ሂድልኝ። ጮክ ብለህ ከድር በልልኝ። ከአፈሩም ቆንጥረህ አምጣልኝ።”

ከዚያ የሚመጣውን ነጭ አፈር ጀዋራ እንለዋለን። ግንባር ይቀቡታል፣ ለበሽተኛም በውሃ በጥብጠው ያጠጡታል። አካኮ ዑሌያቸውን ሰጡኝ፤ ዘያሪ የሚይዛት፣ ጫፏ እንደ መንሽ የተከፈለች በትር ናት። በእጃቸው እየዳበሱ መረቁኝ።

ሮቤ መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። ያኔ ሮቤ ስልክ እጠግን ነበር፤ ዘመናዊ ነኝ ባይ ነበርኩ። ጓደኞቼ እዚያው አገኙኝና ዑሌዋን አይተው ሳቁ። “ሸመገልክ እንዴ ጀማል? ከብቶችህስ የት አሉ?” እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሳቅኩ! አካኮ አልጋ ላይ ሆነው መንገዴን ይቆጥራሉ፣ እኔ በበትራቸው እስቃለሁ። ዑሌዋን መናኸሪያው አጠገብ ያለ ጎሚስታ ዘንድ ከአሮጌ ጎማዎች ጀርባ አቆምኳትና “ነገ እሄዳለሁ” ብዬ ተከተልኳቸው። ነገ ኳስ ነበር። ከነገ ወዲያ ዘያሪ የጫኑት አይሱዙዎች አልፈው አልቀው ነበር። መንገድ ተዘጋ አልላችሁም። ታመምኩም አልላችሁ። በትር ይዤ መታየት አፈርኩ፣ በቃ።

በአምስተኛው ቀን ሮቤ ገበያ ገባሁ። ሴቶች ግድግዳ የሚለቀልቁበት ነጭ አፈር የሚሸጥበት ቦታ አለ። ሻጯ “ግድግዳህ ትልቅ ነው?” አለችኝ። “ትንሽ ነው” አልኳት። ፌስታል ያስጠረጥራል ብዬ በንጹሕ ሻሽ ቋጠርኩት። ተንኮሌን እዩልኝ! ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ስንት ደቂቃ ነው? አጭር ናት፤ ሐሳብን ለመቀየር ግን ትበቃ ነበር። አልቀየርኩም።

“ስሙን ጠራህ?” አሉኝ አካኮ ገና ሳልቀመጥ፣ ዑሌዋ የት ናት እንኳ ሳይሉ።

“ጠራሁ።”

“ጮክ ብለህ?”

“ጮክ ብዬ፣ አካኮ።”

ምናለ እዚህ ላይ አፌ በተዘጋ! ፊታቸው እንዲያ ሲበራ ሳይ ጨመርኩበት። “በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ሰምተውኝ ‘አፉ ተብሏል፣ ሂድና ንገረው’ ብለውኛል” አልኳቸው። ከየት አመጣሁት? የሞተ ሰው ይቅርታ የእኔ ነው እንዴ፣ እንዲህ እያነሳሁ የማድለው?

አካኮ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ያን የግድግዳ አፈር በብርጭቆ በጥብጬ በገዛ እጄ አጠጣኋቸው። እኔ፣ አፈር በበላሁ፣ ያሳደጉኝን ሰው የገበያ አፈር አጠጣሁ። እሳቸውም ጨረሱት። ብርጭቆውን ገልብጠው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨረሱት። ዕድሜ ልካቸውን ለከድር ሲያስቀሩት የኖሩትን አንድ ጉንጭ፣ የእኔን ቃል አምነው ጠጡት።

በዚህ ቢያበቃ “በሰላም ሞቱ” እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። አላበቃም። ድፍረት አገኙና አዴ ሃሊማን ከጎሮ አስጠሯቸው። ስለ ግራሩ፣ ስለ ኮዳው፣ ስለ ሩጫው፣ እኔ ከበሩ አመጣሁት ስላልኩት መልእክትም፣ ሁሉን ነገሯቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አዴ ሃሊማ “ሼክ ሁሴን በር ላይ አፉ ከተባለ፣ እኔ ማን ነኝ?” አሉ። የአካኮን እጅ ያዙ። ከአፈሩ ግማሹን ቋጥረው ሄዱ። አካኮ በሳምንቱ ሞቱ።

ገባችሁ? የሴትዮዋን ይቅርታ ሰርቄ ነው ለአያቴ የሰጠሁት። ምናልባት ያለ እኔ ውሸትም አፉ ይሉ ነበር። ምናልባት ደግሞ ተፍተውባቸው ይወጡ ነበር፤ ከድር ወንድማቸው ነው፣ መብታቸው ነው። ያን መብት ማን ሰጠኝና ወሰድኩባቸው?

አዴ ሃሊማ ግን በየዒዱ ደውለው ይመርቁኛል። የእኔ ልጆች ጤና በእሳቸው ዱዓ ነው ብላ ሚስቴ ታምናለች። ባለፈው ሳምንት ደወሉ። “ጀማሌ፣ አፈሩ አለቀ። እኔም ማለቄ ነው። ሳልሞት ያን በር አሳየኝ። ሽማግሌውም በሕይወት ካሉ እጃቸውን ልሳም።” እሺ አልኳቸው። ምላሴ ለምዶበታል፣ እሺ አልኩ!

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማ ነበር። ሲጠራ እንዲህ ስልክ ደውሎ እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገረኝም። አካኮ፣ እርስዎንስ የት ላግኝዎት? የትኛው በር ላይ ቆሜ ስምዎን ልጥራ?

ነገ ጠዋት ጎሮ እሄዳለሁ። ዑሌዋ አጠገቤ ናት፤ ሰሞኑን ሄጄ ስጠይቅ ጎሚስታው አልጣላትም ነበር። አዴ ሃሊማ መናኸሪያው በር ላይ እንደሚጠብቁኝ ነግረውኛል። መኪና ላይ ሳንወጣ እነግራቸዋለሁ። እነግራቸዋለሁ እላለሁ እንጂ፣ አካኮም ለከድር እመለሳለሁ ብለውት ነበር። አፉ በሉኝ አልላቸውም። ያን ቃል አንድ ጊዜ ነግጄበታለሁ። ከረገሙኝ ይርገሙኝ፣ ለአካኮ የሰጡትንም መልሰው ከወሰዱ ይውሰዱት፤ የእሳቸው ነው። ከዚያ እሳቸው ቢመጡም ባይመጡም ወደ በሩ እሄዳለሁ።

ዛሬ ቤቱ ባዶ ሲሆንልኝ፣ እዚያ የምጠራውን የአካኮን ስም ጮክ ብዬ ልለማመድ ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አፌ እምቢ አለኝ።