በፍልሰታ ድምፁ የተዘጋ ኮንሰርት

ትናንት የክረምቱን የሙዚቃ ፌስቲቫል በቴሌቪዥን እያየሁ ዝናቡ መጣ። የመካነ ሰላም ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የዘፋኙ አፍ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ምንም አይሰማም። ወዲያው አንድ የልጅነቴ ክረምት መጣብኝ።

ያኔ ፌስቲቫሉ ፍልሰታ ላይ ዋለ። አባዬ በጾም ዘፈን አያስከፍትም። ስናለቅስበት ጊዜ ግን ፈረደ፦ «ድምፁን ዝጉት። ማየት ጾም አያስገድፍም።» እናም ቤተሰቡ በሙሉ እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ ብለን ዘፈን አየን።

ከዚያ አንዲት ሴት ከበሮ አንግታ ወጣች። ላብ በላብ ሆና፣ ሹሩባዋ ፊቷን እየገረፋት ትደልቀዋለች። በቴሌቪዥን ካየኋቸው ሁሉ እስከ ዛሬ የምወደው እሷን ነው፤ ከበሮዋን ግን አልሰማሁትም። አላስችል አለኝ። የጋዝ ሽታ ያልለቀቀውን ባዶ ጀሪካን ጭኔ መሀል አስገብቼ፣ እጇን እየተከተልኩ መደለቅ ጀመርኩ።

«አንቺ! ጾም ነው አላልኩም?» አለ አባዬ።

«የጾመው ቴሌቪዥኑ ነው፤ ጀሪካኑ አልጾመም!»

ሊነሳብኝ ሲል እማዬ ክንዱን ያዘችው። «ተዋት በሞቴ። እኔ ዝም ብዬ ምን አገኘሁ?» አለችው። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ ሴትዮዋ ከመድረክ እስክትወርድ ግን መደለቄን አላቆምኩም።

አሁን ገብቶኛል። ለእንቁጣጣሽ ከተማው አዳራሽ ውስጥ ከበሮ እመታለሁ። አባዬ ይህን ሲሰማ፣ «ሴት ልጅ ከበሮ አንግታ መድረክ ላይ! ሰው ምን ይላል?» አለኝ።

«የሚለውን ይበል፤ ከከበሮው በላይ መጮህ ከቻለ።»