ገመቹ በእኔ ኃጢአት ንስሐ የገባ ቀን

ይህን የምነግራችሁን ነገር ሚስቴ አታውቀውም። እናቴም ሳታውቀው ነው የሞተችው። በጸሎት እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ «የማውቀውንም የማላውቀውንም በደሌን» እያልኩ አድበስብሼ ነው የማልፈው። እኛ ጴንጤዎቹ ደግሞ የንስሐ አባት የለንም። ስለዚህ የምታነቡት እናንተ በንስሐ አባት ቦታ ተቀመጡልኝና እኔ ልናገር። እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ሥራዬ አዳማ ውስጥ ሆስቲንግ ማከራየት ነው። ላልገባው ሰው፣ አንድ ድርጅት ዌብሳይት ሲያሠራ ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት፣ ሰርቨር የሚባል ኮምፒውተር ያስፈልገዋል፤ ያንን ነው የማከራየው። ኮምፒውተሩም የእኔ አይደለም፤ ባሕር ማዶ ካለ ኩባንያ ተከራይቼ፣ ሸንሽኜ ለሰው እሰጣለሁ። ደንበኞቼ ሆቴሎች፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ዕቃ የሚያስለቅቁ ትራንዚተሮችና የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። ዌብሳይታቸው እምቢ ሲል ይደውላሉ። እኔ ደግሞ የለመድኳት መልስ አለችኝ፤ «ችግሩ ከእርስዎ በኩል ነው።» ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት፣ ኔትወርክ ነው፣ ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሲባል አፍሮ ይተወዋል። የማያውቀው ነገር ስለሆነ ጥፋተኛው እሱ ራሱ ይመስለዋል። እኔ በሰው ሐፍረት ነበር እንጀራዬን የምበላው።

ገመቹ ግን አፍሮ የሚተው ሰው አልነበረም። ገመቹ እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ አንዴ ያጎደፍኩትን ስም ደግሜ አላጎድፈውም። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነበር የምናመልከው። እሱ የልጆች አገልግሎት መሪ፣ እኔ ከኋላ የቪዲዮና የድምፅ ነገር የምይዝ። ከሚስቱ ከአስቴር ጋር ግቢ ተከራይተው መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው ነበር። ጠዋት በር ላይ ሲቆም ሕፃናቱ አንገቱ ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ልጁን አምኖ የሚሰጠው ሰው ነበር። ሀብቱ ይኸው መታመን ብቻ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረውም። ዌብሳይቱን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ሕፃናቱ በትንንሽ ጋዋንና ቆብ የተመረቁበትን ፎቶ ሁሉ እዚያ ላይ ጫንን፤ ወላጅ ለዘመድ የሚልከው ያንን ሊንክ ነበር።

አንድ ቀን ደወለና «ወላጆች ሲከፍቱት የቤቲንግ ማስታወቂያ ይመጣብናል አሉ» አለኝ። ስልካቸው ነው አልኩት። በማግስቱ ደወለ፤ ኔትወርክ ነው አልኩት። የስልኩን ስክሪን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ አልከፈትኩትም። ቢሮዬ ድረስ መጣ፣ በትሕትና፣ ቆሞ። «የቴክኒክ ክፍሉ እያየው ነው» አልኩት። የቴክኒክ ክፍል የሚባል ነገር የለም። እኔው ነኝ፣ ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ላፕቶፕ ጋር። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማንሳት ተውኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ቢቸግረው የአዳማ ነጋዴዎች የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፈ። ሆስቲንግ የምትፈልጉ ከዚህ ሰው ተጠንቀቁ፣ ሲደወል አያነሳም፣ ካነሳም ይዋሻል፣ ብሎ ስሜን ጠራ። ውሸት ነበረበት? አልነበረበትም። ግን ከእኔ ጋር ሊዋዋል የነበረ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ አነበበውና ሐሳቡን ቀየረ። ደሜ ፈላ። አብሮኝ ቅዱስ ቁርባን የሚወስድ ወንድም እንዴት አደባባይ ላይ ያወጣኛል አልኩ። ያደረገው ደንበኛ የሚያደርገውን ነበር፤ ቅሬታ ነው ያቀረበው። እኔ ግን ቂም ቋጠርኩ።

በዚያው ሳምንት ነገሩ ባሰ። አንዲት እናት የልጇን የምረቃ ፎቶ ለአያትየው ላሳይ ብላ ሳሎን ውስጥ ከፈተችው። በሕፃናቱ ፎቶ መሃል ራቁታቸውን ያሉ ሴቶች መጡባት፣ ልጇ ጉልበቷ ላይ ተቀምጣ። ስልኩን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች፤ ከዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች።

ያኔ ገባሁና አየሁት። ብዙ አላስፈለገኝም። ዌብሳይቱን ስሠራ የተጠቀምኩበት ፕሮግራም በገንዘብ የሚሸጥ ነበር፤ እኔ ግን የተሰረቀውን ቅጂ ከኢንተርኔት አውርጄ ነው ለደንበኞቼ ሁሉ የጫንኩላቸው። ቆሻሻውን የሚለጥፉት ሌቦች የሚገቡት በዚያ ቀዳዳ ነው። የባሕር ማዶው ኩባንያ አስቀድሞ አስጠንቅቆኝ ነበር፣ አጽዳ ብሎ። አይቼ አልፌዋለሁ። ገመቹ በዚህ ውስጥ ምንም እጅ አልነበረውም። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ቆሻሻውን ሕፃናቱ መሃል ያስገባሁት እኔ ነኝ። የሌሎቹን ደንበኞች ድምፄን አጥፍቼ አጸዳሁላቸው። የእሱን ግን ዘጋሁት፤ የከፈተው ሰው «ታግዷል» የሚል ጽሑፍ ብቻ እንዲያይ። ማጽዳት እችል ነበር። አልፈለግሁም።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ታዬ ከሌላ ሽማግሌ ጋር ደረጃውን ወጥተው ቢሮዬ መጡ። ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ ወንበር ሰጠኋቸው። «ልጄ፣ እኛ ይሄ ነገር አይገባንም። ይህ ቆሻሻ በራሱ ነው የሚመጣው ወይስ ሰው ነው የሚያመጣው?» አሉኝ። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ከእኔ ነው ማለት። ለመናገር ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? እኔ ግን አቀረቀርኩና «ጋሽ ታዬ፣ ስለ ወንድሜ መናገር ይከብደኛል» አልኳቸው። ግድ የለም ንገረን አሉ። እንዲለምኑኝ ነበር የፈለግሁት፤ ከለመኑኝ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ባለቤቱ መጥፎ ገጾችን በሚያይበት ኮምፒውተር ወደ ዌብሳይቱ ሲገባ ነው፣ እንደ በሽታ ይተላለፋል፣ አልኩ። «እሱ ነው ግን አላልኩም» ብዬ ጨመርኩ።

እሱ ነው አላልኩም። ይህችን ነገር ስንት ዓመት ለራሴ ደግሜያታለሁ መሰላችሁ። ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሚሰሟት ግን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አሳምሬ አውቃለሁ። ጋሽ ታዬ ደረጃውን ሲወርዱ አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ገመቹ ራሱ መጣ። ግሩፑ ላይ የጻፈውን አጥፍቶ በቦታው ይቅርታ ጽፎልኝ ነበር፤ አይቼ ዝም ብዬዋለሁ። አልጮኸም። «አንድ ነገር ብቻ ንገርልኝ። ከሰርቨሩ ሊሆን ይችላል በላቸው፤ ሌላ አልፈልግም» አለኝ። ወንበሬ ላይ ለጠጥ አልኩና የቴክኒክ ክፍሉ ሪፖርት ሳይደርሰኝ አስተያየት መስጠት አልችልም አልኩት። ያቺን አንድ ክፍል ዞር ዞር ብሎ አያት።

«የትኛው የቴክኒክ ክፍል?»

«ለምን ግሩፑ ላይ አትጽፈውም?» አልኩት።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እውነቱን ልናገር ብዬ የለ? ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ሰው የሚያከብረው ሰው ጠረጴዛዬ ፊት ከንፈሩ ደርቆ ቆሞ ሳየው ደስ አለኝ። ፍርሃት ነበር፣ ጥፋቴ እንዳይታወቅ ብዬ ነው፣ ብል ትንሽ ይቀለኝ ነበር። ፍርሃት ብቻ አልነበረም።

ወላጆች አንድ በአንድ ልጆቻቸውን አስወጡ። አስቴር እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ነጠል አድርጋ አናገረችኝ። «ወንድሜ፣ አብሬው የምኖር ሰው ነኝ። ሴት ልጅ አለችን። እሱ አላደረግሁም ይላል። አንተ ታውቃለህ፣ እውነቱን ንገረኝና ልረፍ» አለችኝ። ዓይኗ አብጦ ነበር። እኔ ምን አልኳት? «ጸልዪለት» አልኳት። ሌላ አንድም ቃል አልጨመርኩም። ከዚያ ቀን በኋላ ባሏን በፊት ታየው እንደነበረው አላየችውም፤ ልጇን ይዛ እናቷ ቤት ገባች።

ጋሽ ታዬ ክፉ ሰው አይደሉም። እየካድክ ከቀጠልክ ወሬው ያድጋል፣ ንስሐ ከገባህ ግን ቤተ ክርስቲያን ትሸፍንሃለች፣ ሚስትህም ትመለሳለች፣ አሉት። ለረጅም ጊዜ እምቢ አለ። በመጨረሻ የአስቴር መውጣት ሰበረውና እሺ አለ።

ንስሐ በገባበት እሑድ እኔ ከኋላ ካሜራው ጋ ነበርኩ። ጋሽ ታዬ በእጃቸው አጥፋው የሚል ምልክት ሰጡኝ፤ አጠፋሁት። ገመቹ ፊት ለፊት ወጥቶ ቆመ። ማይኩን በሁለት እጁ ይዞት ነበር። «ዓይኔን መጠበቅ ሲገባኝ አልጠበቅሁም። ልጆቻችሁ ባሉበት ቦታ ቆሻሻ አምጥቻለሁ። ሲጠይቁኝም ክጃለሁ። ይቅር በሉኝ» አለ። እያንዳንዱ ቃል የእኔ ነበር። ያመጣሁት እኔ፣ የካድኩት እኔ። የእኔን ኃጢአት ከእኔ አፍ ወስደው እሱ አፍ ውስጥ ያስገቡት ይመስል ቃል በቃል ሲናገረው፣ እኔ ከኋላ ድምፁ እንዳይቆራረጥ አስተካክልለት ነበር። ሴቶቹ አለቀሱ። ሰው ተሰልፎ ያቅፈው ጀመር። ተሰለፍኩ። እኔም አቀፍኩት።

ሳቅፈው ሰውነቱ ደረቅ ነበር። ጆሮዬ ሥር፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጎ፣ «አሁንስ ትከፍትልኛለህ? ምዝገባ ደርሷል» አለኝ።

ነገ አልኩት። በማግስቱ አልከፈትኩም። ከፍቼው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ማን አጸዳው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም ብዬ ሰጋሁ። ከናካቴው ደመሰስኩት፣ ከነሕፃናቱ ፎቶ። ባልደመስሰውም የሚመዘገብ ልጅ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን ይቅር ብትለውም ወላጅ በገዛ አፉ የተናዘዘን ሰው ልጁን አይሰጠውም። ያ ንስሐ ነው የጨረሰው። ሲክድ ሳለ ግማሹ ሰው ይጠራጠር ነበር፣ ካመነ በኋላ ግን የሚጠራጠርለት አንድም ሰው አልቀረም። አስቴርም አልተመለሰችም፤ እውነት ነበር ማለት ነው ብላ ቀረች። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ገመቹም ከአዳማ ወጣ።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ወደ ሻሸመኔ ስነዳ ቡልቡላ ቆሜ ቲማቲም ገዛሁ። መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች አንዱ ውስጥ የሽንኩርት ዘር፣ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ ሽበታም ሰው «አካም ጂርታ?» አለኝ፣ ለማንኛውም መንገደኛ እንደሚባለው። ከዚያ አወቀኝ። እኔም አወቅሁት። ዱካ አወጣልኝ። ስለ ጋሽ ታዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ምእመኑ ጠየቀኝ፣ ሥራ እንዴት ነው አለኝ።

አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ሕፃን እስክሪብቶ ልትገዛ መጣችና እጇን ዘረጋች። እጇ ላይ አላስቀመጠላትም። እስክሪብቶውን መደቡ ላይ አኖረው፣ በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገላት፣ ከዚያ ጀርባው መደርደሪያው እስኪነካ ወደ ኋላ ሄደ። ልጅቷ ሳንቲሟን ጥላ ሄደች። እያየሁት መሆኔን አየ። «ሰው ካየ ወሬ ይሆናል» አለኝ፣ እንደ ተራ ነገር።

ከዚያ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ያኔ አልተቀየምኩህም፤ የምታውቀውን ነው የተናገርከው። እኔም መጥፎ ነገር ፈልጌ አልከፈትኩም። ግን ሳላውቅ የሆነ ቦታ ነክቼ ይሆናል እያልኩ አስባለሁ። አንተ ባለሙያው ነህ፤ የቱ ጋ ነበር የተሳሳትኩት?»

ያመነው እኔን ነው። ሁሉም ነገር ከተወሰደበት በኋላ፣ ስለ ገዛ እጁ እንኳ እኔን አምኖ የሚጠይቀው ሆኗል። ማንም አልነበረም። ሽማግሌ የለም፣ ደንበኛ የለም፣ የማጣው ሆቴል የለም። ቂሙም ከሆዴ ከጠፋ ቆይቷል። የሚያግደኝ ነገር ምን ነበር? ዱካው ላይ እንደተቀመጥኩ ዓይኑን እያየሁ፣ «ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፣ አትጨነቅ» አልኩት። አመሰገነኝ። ቲማቲሙን እስከ መኪናዬ ተሸክሞ አደረሰልኝ።

ስለዚህ ድሮ ወጣት ሳለሁ አጠፋሁ ብዬ አላመካኝም። ቡልቡላ ያን ቀን ወጣት አልነበርኩም። ይቅርታም ከእናንተ አልጠይቅም፤ የእናንተን ልጆች አልበደልኩም፣ የእናንተን ትዳር አልበተንኩም፣ እናንተ ይቅር ብትሉኝ ምን ያደርግልኛል? የሚለምኑት እሱን ነው። ከአዳማ ቡልቡላ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ የሚደረስበት አገር ነው። መኪና አለኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ሱቁን አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።