ለዊኒፍሬድ ግራ ዓይን የወጣው ዕጣ

ዊኒፍሬድ ኦክደን በእንግሊዝ፣ በሎንግ ኢተን ከተማ የዳንቴል ፋብሪካ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትሠራ ሥራዋ አንድ ነበር፤ የተሳሳተ ክር መልቀም። ከእሷ እጅ እንከን አያልፍም ይባልላት ነበር። ጡረታ ከወጣች በኋላ ቀኝ ዓይኗ ጠፋ፤ እርጅና ነው ብላ ችላ ስትለው ጊዜው አለፈ። በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አንድ ጠዋት፣ ግራውም ያታልላት ጀመር።

«ክሊፎርድ፣ መስኮቱ ጎብጧል» አለችው ባሏን።

«መስኮቱስ ደህና ነው» አለ፣ ጫማውን ማሰሩን ትቶ።

ከዓይኗ ጀርባ ደካማ የደም ሥሮች በቅለው ፈሳሽ እያንጠባጠቡ ነው አሏት ሐኪሞች። በየወሩ ዓይኗ ውስጥ መርፌ ትወጋ ጀመር። ያደነዝዙላታል፤ ግን መርፌው ሲመጣ ዓይን መክደን የለም። ከዋዜማው ጀምሮ እህል አይወርድላትም።

በሁለተኛው ዓመት ሐኪሟ ስለ አንድ የሕክምና ጥናት አጫወተቻት። ለንደን ሄዳ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኗ ጨረር ይደረግለታል፤ መርፌው ባይቀርም ምናልባት ይራራቅላታል።

«ምናልባት?»

«ምናልባት ነው፣ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ። ደግሞ በዕጣ ነው። አንዳንዱ ማሽኑ ላይ ይቀመጣል እንጂ ጨረሩ አይለቀቅበትም። የትኛው እንደደረሰዎት እርስዎም እኔም አናውቅም።»

ለንደን ላይ አገጯን አስደግፈው፣ ጭንቅላቷን አስረው፣ ዓይኗ እንዳይንቀሳቀስ ትንሽ መስታወት ለጠፉባት። ማሽኑ ሦስት ጊዜ ጮኸና አበቃ።

«ምን ተሰማሽ?» አላት ክሊፎርድ ባቡር ውስጥ።

«ምንም።»

«ታዲያ ጨረር ነው ወይስ ባዶ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አንተ ሰውዬ።»

መርፌው በሁለት ወር፣ ኋላም በሦስት ወር አንዴ ሆነ። ክሊፎርድ «ጨረሩ ደርሷታል» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ። እሷ ግን የምታነበው ቃል መሃሉ እየተቦረቦረ መሄዱን ልትነግረው አልደፈረችም።

በአራተኛው ዓመት ክረምት ጥናቱ አልቆ ዕጣው ተገለጠ። እውነተኛው ጨረር ነበር የደረሳት።

«ፈሳሹ ደርቋል» አለች ሐኪሟ። «ግን ጠባሳ ትቶ ሄዷል። ለጠባሳ መርፌ የለንም።»

ቤት ገብተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ክሊፎርድ ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም።

«እያለቀስክ ነው?»

«ኧረ ቁጭ ብያለሁ።»

በዓይኗ ጥግ ልትይዘው አንገቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ጆሮውንና ኮሌታውን አገኘች፤ ፊቱ ግን በተከተለችው ቁጥር ይሸሻታል።