በሰኢድ እግር መሀል ያለፈችው ኳስ

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ቴሌቪዥኑ ላይ ተጣብቃ የፈረንጆቹን ኳስ ስታይ፣ አንዱ በረኛ ኳሷን በእግሩ መሀል አሳለፋት። ልጅቷ ጮኸች። እኔ ግን ዞር ብዬ ያየሁት ባሌን ነው። ሰኢድ ሆዬ፣ የሶላቱ ሰዓት ገና ሳይደርስ «ውዱእ ላድርግ» ብሎ ብድግ! ስንት ዓመቱ፣ ዛሬም እንዲህ ያለች ጎል ከገባች እዚያ ቤት አይቀመጥም።

ነገሩ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ነው። ጉርድ ሾላ ያኔ ፎቅ በፎቅ አልነበረም፤ ከአስፋልቱ ወጣ ካላችሁ ማሳ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጫማ ይውጣል። አክስቴ ዘሃራ በጦር ኮሌጁ ሜዳ አጥር ሥር ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ እኔ ሻይ እቀዳለሁ። የጦሩ ቡድን ተጫዋቾች ልምምድ ሲጨርሱ ላባቸው ሳይደርቅ ይመጣሉ። ሰኢድ በረኛቸው ነበር። ቁመቱ ባሕር ዛፍ፣ እጁ አካፋ። የእሱም የእኛም ቤተሰብ ከወሎ ነው፤ እሱ ሲመጣ እኔ ስኳሩን አበዛዋለሁ።

«አንቺ፣ ስኳሩ ለቡድኑ ነው ለበረኛው?» ትለኛለች አክስቴ።

በዚያ ዓመት ቡድኑ አልቀመስ አለ። ያገኘውን ሁሉ እያሸነፈ ለዋንጫ ደረሰ። ጨዋታው ሲቃረብ ግን አንዱ ተጫዋች ለጓደኛው በሹክሹክታ «ጨዋታው ተሽጧል አሉ» ሲል ሰማሁት። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ጨዋታ ሲባል የማውቀው ወሬውን ነው።

«አክስቴ፣ ጨዋታ ይሸጣል እንዴ?»

«ቢሸጥማ አንቺ ይሄኔ ባለፎቅ ነበርሽ!» ብላ ሳቀች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በረኛው አውቆ ያስገባል ማለት ነው እኮ።»

 አባቴ ለአንድ የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ሊድረኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሰኢድ ሌላ አላገባም ብያለሁ። ግን ጓደኞቹን የሸጠ ሰው እኔንስ አይሸጠኝም? ዓይኔን ተከልኩበት። ሲስቅ የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ዝም ሲል ይብሳል። ጫማው እንኳ አዲስ መሰለኝ። አንድ ቀን «ጉዳይ አለኝ» ብሎ የአትላስ ታክሲ ሲሳፈር፣ ሻሼን ወደ ግንባሬ ስቤ በሚቀጥለው ተከተልኩት። አትላስ ስደርስ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ ከአንድ ባለ ከረባት ሰውዬ ጋር ተቀምጧል። ሰኢድ ይለምናል፣ ሰውዬው ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ ተጨባበጡ።

«በቃ፣ ሸጠው!» አልኩ።

የዋንጫው ቀን ሜዳው የሰሞኑ ዝናብ አቡክቶት ነበር። ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሬሳ ኳስ እየተንከባለለች መጣች። እኔ እንኳ በቀሚሴ እይዛታለሁ! ሰኢድ ጎንበስ አለ፣ ኳሷ በእግሩ መሀል ሹልክ። አንድ ለባዶ ተሸነፉ፣ ዋንጫውም ሄደ። አክስቴ ሳምቡሳው እያረረባት እኔን እኔን ታያለች።

በሳምንቱ አባቴ ቤት ሽማግሌ መጣ። በመጋረጃው ቀዳዳ ባይ፣ ፊት ፊት የሚመራው ያ ባለ ከረባት! ለካ የሰኢድ አጎት ነው፤ አትላስ ሲለመን የነበረው እኔን እንዲጠይቅለት ኖሯል። አባቴም «ያገሬ ልጅ ነው» ብሎ ነጋዴውን ትቶ እሺ አለ። ደስታው አሰከረኝ፤ ግን አላደረም። በማግስቱ አንዱ ተጫዋች ሻዩን እየጠጣ «ዋንጫውን ብንበላ ኖሮ ሁላችንንም ሐረር ካምፕ ወዳለው ትልቁ ቡድን ያዛውሩን ነበር» አለ። ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ ቀረ። ሰኢድ ሲመጣ ያዝኩት።

«ሐረር እንደምትሄዱ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ኳሷ?»

«ወላሂ ነጥራ ነው! ጠጠር አግኝታ ነው!»

ሄጄ ሜዳውን አየሁት። ጎሉ አፍ ላይ ሁሉም ጭቃ ነው፣ ጠጠር የሚባል የለም።

ይኸው የልጅ ልጅ አየን፤ ዛሬም ብጠይቀው «ነጥራ ነው» ይላል። ነጥራ ከሆነ ያገባሁት የማይረባ በረኛ ነው። ለእኔ ብሎ ካሳለፋት ደግሞ ውሸታም ነው ያገባሁት። የቱ ይሻለኛል እያልኩ ስንት ዓመት ከራሴ ጋር ሳቅሁ። ለሰኢድ አልነገርኩትም እንጂ፣ በየጁምዓው ዱዓ ሳደርግ «ያ ረቢ፣ ያችን ወላሂ ማርለት» እላለሁ።