ቆማ የምትደርቅ ጀልባ

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ መኪና ሐረማያን ሲያልፍ፣ ተሳፋሪው ስለ ድንችና ስለ ጫት ገበያ ሲያወራ፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ሐይቁ የነበረበት ሥፍራ ማሳ ሆኗል። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት፣ «አባባ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ራሴን ነቅንቄ አለፍሁት። ዛሬ በሬ በሚጠመድበት በዚያ መሬት ላይ አባቴና እኔ በጀልባ እናልፍ እንደነበር ለማስረዳት መንገዱ አጭር ነበር፤ እኔም የተናጋሪነት ልማድ የለኝም። አሁን የምጽፈው ያን ዕለት ያልመለስሁለትን መልስ ነው።

አባቴ የጣና ዳር ሰው ነበሩ። ጠላት ከአገር በወጣ ማግስት ወታደር ሆነው ወደ ሐረር ተመደቡ፤ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ወልደው፣ በሻምበልነት ጡረታ ከወጡ በኋላም በፈላና በር አቅራቢያ ባለችው ቤታችን ቀሩ። ስለ ጦር ሜዳ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ውሃ ግን፣ በተለይ ቧንቧው ጠፍቶ በርሜላችን ባዶውን በሚጮኽበት ሰሞን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ይናገሩ ነበር። አያቴ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰው እንደነበሩ የማውቀው ከዚያ ወሬ ነው። ደንገል የሐይቅ ዳር ቄጠማ ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳ ከሥራ ሲመለስ ከሐይቁ ይወጣል፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ተደርጎ ዛፍ ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ የጠጣውን አንጠባጥቦ እስኪደርቅ ድረስ ማንም አይነካውም።

«ታንኳውን አስተኝቶ የሚሄድ ሰው» ይሉ ነበር አባቴ፣ «እናቱንም ሜዳ ላይ ጥሎ ይሄዳል።»

ጉልበታቸው መድከም በጀመረበት ዓመት አንድ ነገር ተመኙ፤ ከመሞታቸው በፊት እንደገና ውሃ ላይ መቀመጥ። ወደ ጣና ውሰዱኝ አላሉም። እዚያ የሚያውቁት ሰው አልቀረም ነበር፤ የሚያውቃቸው በሌለበት እንግዳ ሆኖ መቆምን ፈሩ መሰለኝ። «ሐረማያም ውሃ ነው፤ ይበቃኛል» አሉ።

«ሰው ሲያረጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጠጋል» አለች እናቴ። «እርስዎ ወደ ባሕር!»

«ሐዋርያትስ ዓሣ አጥማጆች አልነበሩም?»

«እነሱ ሲሰምጡ የሚያወጣቸው ጌታ አብሯቸው ነበር። እርስዎን ማን ሊያወጣዎት ነው?»

አባቴ ወደ እኔ አንድ ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያም ዓይናቸውን ወደ ደጅ መለሱ።

በዚያን ጊዜ እኔ በከተማው የታሪክ መምህር ነበርሁ። አዲስ አበባ ጥንታውያን ብራናዎች በሚጠኑበት አንድ ክፍል እንድሠራ ተጠይቄ እሺታዬን ብቻ ይጠብቁ ነበር። ይህን በቤታችን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሣውም። ከመሄዴ በፊት አባቴን ውሃ ላይ ላስቀምጣቸው፣ ከዚያ በኋላ ልቤ ሳይከፈል ልሂድ ብዬ አሰብሁ። በሐረማያ ዳር ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ መምህር ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ መሆኑን፣ ሁለት ጀልባዎች እንዳሉትና አንዱን ሊሸጥ እንደሚፈልግ በሰማሁ ጊዜ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከፈረስ መጋላ ታክሲ ተሳፈርን። ሦስተኛው መንገደኛ የአባቴ ወዳጅ፣ የስፌት መኪኖች ድምፅ ስሙን ባወጣለት በመኪና ግርግር መንገድ ልብስ የሚሰፉ የሐረሪ ሐጂ ነበሩ። ጀልባ ሲገዛ አይተው ስለማያውቁ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ።

«ሻምበል፣ እኔ ውሃ የማውቀው ሶላት ሲደርስ ለውዱእ ነው» አሉ መኪናው ሲነሣ። «ከክርኔ በላይ ከመጣ፣ ወላሂ፣ እኔ የለሁበትም።»

«ዳር ላይ ቆመው ይጸልዩልኛል።»

«ለሚዋኝ ነው ለሚሰምጥ?»

ሁለቱ ጀልባዎች በሐይቁ ዳር ሣር ላይ ተኝተው ጠበቁን። አንደኛው አሉሚኒየም ነበር፤ ብዙ ክረምት ያላየ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ። ሁለተኛዋ አሮጊት ነበረች፤ ፋይበርግላስ ከሚሉት፣ ከመስታወት ክርና ከሙጫ ከሚሠራው ነገር የተበጀች። አረንጓዴ ቀለሟ ደብዝዟል፤ በአንድ ጎኗ ሽፋኑ ተልጦ ክሮቹ እንደ ቃጫ ወጥተዋል። ፈረንጁ ለሁለቱም ያው አንድ ዋጋ ጠራ፤ እኛ የተውነውን ባልደረባው እንደሚወስደው፣ በእሱ ቦታ ቢሆን ግን አሉሚኒየሙን እንደሚመርጥ በቅንነት ነገረኝ። እኔም የእሱ ሐሳብ ነበረኝ።

አባቴ ስለ ዋጋው አልጠየቁም። «መጀመሪያ ሲቆሙ ልያቸው» አሉ።

ለፈረንጁ ተረጎምሁለት። ግራ ገባው። ጀልባ እንደማይቆም፣ እነዚህ ደግሞ ውሃ የማይጠጡ ስለሆኑ ገልብጦ መተው ብቻ እንደሚበቃ አስረዳኝ። መልሱን ለአባቴ አደረስሁ።

«ውሃ የማይጠጣ ነገር አላውቅም» አሉ፤ ጋቢያቸውንም አውልቀው ለሐጂ ሰጡ።

የአሉሚኒየሙን አፍንጫ ያዙና ብድግ አደረጉት። እየገፉ፣ እጃቸውን እያሻገሩ፣ ብቻቸውን ከባሕር ዛፉ ጋር አስደግፈው አቆሙት። ትንፋሻቸው እንኳ አልተለወጠም። ደስ አለኝ፤ ጭንቀቴም በዚያች ቅጽበት የተፈታ መሰለኝ። እኔ ኖርሁም አልኖርሁም ይህን ጀልባ ማውጣትና ማስገባት ይችላሉ።

«ማሻ አላህ!» አሉ ሐጂ። «ይህ ጀልባ አይደለም፣ ቆብ ነው። ራስዎ ላይ ደፍተውት ፈረስ መጋላ ይገባሉ።»

አሮጊቷ ግን ለአንድ ሰው አልነቃነቅ አለች። አባቴ ሞከሩ፤ ከሣሩ ትንሽ ከፍ ብላ ተመለሰች። ያኔ ጠሩኝ። ከአፍንጫዋ ሥር ትከሻ ለትከሻ ገባን፤ እሳቸው «አሁን!» ሲሉ አብረን ተነሣን። ክብደቷ ጉልበት ያንቀጠቅጥ ነበር። ልጅ ሆኜ ካዘሉኝ ጊዜ ወዲህ ትከሻዬ የአባቴን ትከሻ ነክቶ እንደሆነ አላስታውስም። እኛ የምንነካካ ሰዎች አልነበርንም፤ ሰላምታችን እንኳ ከመጎንበስ አያልፍም ነበር። ጀልባዋ ከግንዱ ጋር እንደ ተደገፈች እሳቸው ፈጥነው አልራቁም፤ እኔም አልራቅሁም።

ከዚያ በየተራ ውሃ ላይ ሞከርናቸው። የአሉሚኒየሙን ሆድ ማዕበል በላሰው፣ መቅዘፊያም ጎኑን በነካው ቁጥር እንደ ድስት ይጮኻል። «ይህ ሠርግ ቤት ነው» አሉ አባቴ። «ያልተጠራ ዓሣ እንኳ ሰምቶ ይሸሻል።» በአሮጊቷ ስንወጣ ግን ውሃው ድምፁን አጠፋ። አባቴ መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ፊታቸው እንዴት እንደሆነ ለመግለጽ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም፤ በኋላም ያን ፊት በሌላ ሰው ላይ አላየሁትም። ሐጂ ከዳር ሆነው፣ «ሻምበል፣ ተኙ እንዴ?» እያሉ ይጣራሉ።

ዳር ስንደርስ፣ «አሮጊቷን እወስዳለሁ» አሉ።

ተከራከርሁ። ለጩኸቱ መፍትሔ አለው፤ ወለሉ ላይ ጆንያ ይነጠፋል አልሁ። ይች የተላጠች ናት፤ አሉሚኒየሙ ግን ዕድሜ አለው አልሁ። ምክንያት በምክንያት ላይ ደረደርሁ። እሳቸው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አባባ፣ ይችን እኮ ብቻዎን ሊያነሧት አይችሉም።»

«አውቃለሁ።»

«የዚህን አገር ገበሬዎች ቢለምኗቸው እምቢ አይሉም፤ እርስዎ ግን መለመን አይሆንልዎትም።»

«አይሆንልኝም።»

«እኔ ከሄድሁስ?»

በቤታችን ያልተነገረውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ እኔው በሐይቅ ዳር፣ በፈረንጅ ፊት ተናገርሁት። አባቴ የተላጠውን ጎኗን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ የወጡትን ክሮች እንደ ሕፃን ፀጉር ወደ አንድ ወገን አስተኙ።

«ደንገል ትመስላለች» አሉ።

ሐጂ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ እየጣሉላቸው፣ «ተወው ልጄ» አሉኝ። «እኔ ደንበኛ ጨርቁን ከመረጠ በኋላ አልከራከርም። የሚለብሰው እሱ ነው።»

ወደ ቤት ስንመለስ ተናድጄ እንደነበር አስታውሳለሁ። አንድ አዛውንት የማይችሉትን ለምን እንደሚመርጡ ሊገባኝ አልቻለም። ብራና አንብቤ የጠፋውን ፊደል ከዐውዱ እሞላ ነበር፤ ይህን ግን አልሞላሁትም። የገባኝ በሳምንታት ውስጥ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አብሬያቸው ሐረማያ እየሄድሁ ነው። አንድ ቀን ከአሮጊቷ አፍንጫ ሥር ገብተን ሳለ «አሁን!» የሚለው ቃል ዘገየብኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትከሻቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ ዝም ብለው ቆመዋል። ድካም መሰለኝ፤ ድካም አልነበረም። ያን ቅዳሜ የተመረጠው ጀልባ ብቻ እንዳልነበረ ያኔ አወቅሁ። ውሃውን ብቻቸውን ሊያገኙት ይችሉ ነበር፤ ብቻቸውን ግን አልፈለጉትም። ይህንን በቃል መጠየቅ ገበሬ ከመለመን ይብስባቸው ስለነበር፣ ለሁለት ሰው የምትከብደውን መረጡ።

ለአዲስ አበባ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ምክንያቱን አልገለጽሁም። አባቴም ለምን ቀረህ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም ለምን ያችን መረጡ ብዬ ዳግም አልጠየቅሁም።

ዓመታት በዚህ መልክ አለፉ። ዳክዬዎች ከቄጠማው ሥር ሲነሡ፣ የማለዳው ብርድ ጣት ሲያደነዝዝ፣ የአባቴ መንጠቆ ሳይታይ ውሃው ውስጥ ሲገባ። ብዙ አናወራም ነበር። ቆሮሶ ሲያዝ፣ «ይች ለሐጂ» ይላሉ፤ አምባዛ ሲያዝ፣ «ይህን እናትህ ታየውና ትጮኻለች» ይላሉ። በእርግጥም ትጮኻለች፤ «ጢም ያለው ዓሣ ቤቴ አይገባም! ሽማግሌ አንድ ይበቃኛል» ትላለች። ሐጂ በመኪና ግርግር ድርሻቸውን እየተቀበሉ፣ «ዛሬም አልሰመጣችሁም? አልሐምዱሊላህ» ይሉናል። ሌሎች ሰዎች ወጣትነታቸውን በፎቶግራፍ ይፈልጉታል። የእኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ያለው፤ ዝምታ ደግሞ የሚያስቀምጡበት ዕቃ የለውም። የተቀመጠበት ሐይቅ ነበር፤ እሱም ሄደ።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ አባቴ ከአሮጊቷ ሥር የሚገቡት ለወጉ ያህል ሆነ። ትከሻቸው አለ፤ ክብደቱ ግን በሙሉ ወደ እኔ ዞሯል። ከዓመታት ልምድ የተነሣ ጉልበቴ በርትቶ ስለነበር ቻልሁት። «አሁን!» ማለታቸውን አላቋረጡም። ስትቆምም፣ «አየህ፣ ለሁለት ሰው ናት» ይሉኛል፤ እኔም «አዎን አባባ» እላለሁ።

አባቴ ዐርፈው የአርባ ቀናቸው ተዝካር ከወጣ በኋላ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ሳልጠራቸው ሐጂ አብረውኝ ተሳፈሩ። ጀልባዋን ከዛፉ አውርደን ወደ ውሃው ስንገፋት ረዱኝ፤ ለመሳፈር ግን እንደ ልማዳቸው እምቢ ብለው ዳር ቀሩ። መንጠቆ አልያዝሁም። አባቴ መቅዘፊያቸውን አጋድመው ይቀመጡበት እስከነበረው ሥፍራ ቀዘፍሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ተመለስሁ። ከአፍንጫዋ ሥር ገብቼ ለመነሣት ሞከርሁ፤ ተመልሳ ተኛች። ደግሜ ሞከርሁ። የአባቴ ትከሻ ምንም እንደማይሸከም እርግጠኛ ነበርሁ፤ ያለ እሱ ግን ልትነሣልኝ አልቻለችም።

ሐጂ ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ እጅጌያቸውን ለውዱእ እንደሚሰበስቡ አድርገው ከክርናቸው በላይ ሰበሰቡና ቁርጭምጭሚታቸው እስኪርስ ድረስ ውሃው ውስጥ ገቡ።

«ሻምበል ምን ይሉ ነበር?» አሉኝ፣ ትከሻቸውን አጠገቤ እያስጠጉ።

«‹አሁን› ይሉ ነበር።»

«እኔ ቢስሚላህ እላለሁ። አንተ እሱን በል።»

አልሁ። ተነሣች። ከግንዱ ጋር ስትደገፍ የጠጣችው ውሃ በተላጠው ጎኗ በኩል መንጠባጠብ ጀመረ። ሐጂ እርጥብ ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

«አሁን ምን እንጠብቃለን?»

«እስክትደርቅ» አልሁ።

ጋቢዬን ግማሹን ሰጠኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥሁ።